ባክቴሪያዎችና በማዕድን የሚያዙ መርዛማ ንጥረ ነገሮች

በአፈርና በከርሰ ምድር ውሃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እንደ አርሴኒክና ዩራኒየም ያሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች በማዕድን ተይዘው እንዲቀሩ ወይም ወደ ውሃ እንዲለቀቁ ያደርጋሉ።

የአሠራሩ መሠረት የኤሌክትሮን ልውውጥ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች በውሃ የሟሟውን ብረት ወደ ዝገት ሲለውጡ አርሴኒክ በዝገቱ ላይ ይጣበቃል። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በካርኑሌስ ካለው የተዘጋ የእርሳስና የዚንክ ማውጫ በሚወጣው አሲዳማ ፍሳሽ ውስጥ ደግሞ ቱሌይት የተባለ፣ ብረትና አርሴኒክ ያዘለ ማዕድን እንዲፈጠር ያግዛሉ።

ኦክስጅን ሲጠፋ ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ1987 ከአሜሪካው ፖቶማክ ወንዝ ደለል የተገኘው ጂኦባክተር የተባለ ባክቴሪያ ሌላው ፍጡር በኦክስጅን እንደሚተነፍሰው በዝገት ይተነፍሳል፤ ዝገቱም ይሟሟል። በባንግላዴሽ ደለል ውስጥ ዝገት የሚያሟሙ ባክቴሪያዎች አርሴኒኩን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይለቁታል። ከ1970ዎቹ ወዲህ በብዛት የተቆፈሩት የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ሚሊዮኖችን ለመርዙ አጋልጠዋል፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ10 ማይክሮግራም በሊትር ገደብ ይበልጣል።

በዩራኒየም ላይ ግን ጂኦባክተር ጠቃሚ ነው፤ የሚሟሟውን ወደማይሟሟ ዓይነት ይለውጠዋል። በኮሎራዶ ግዛት፣ ራይፍል ላይ ተመራማሪዎች አሴቴት ወደ ከርሰ ምድር ጨምረው ባክቴሪያዎቹን ሲመግቡ በውሃው ያለው ዩራኒየም ቀንሷል። ኦክስጅን ተመልሶ ከገባ ግን የረጋው ዩራኒየም ዳግም ሊሟሟ ይችላል።