ኮድ የሚጽፍልን ማሽን አዲስ ነገር ነው እንዴ?

ሰሞኑን የድሮ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ይሄን በኤአይ የሚሠራ የኮድ ኤዲተር እንጠቀም ወይስ ይቅርብን?" እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ ልመልስ። መልሱ ግን ትንሽ ታሪክ ይፈልጋል።

ማሽን ኮድ ሲጽፍልን የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ግሬስ ሆፐር የተባለች የሒሳብ ሊቅ ኤ-ዜሮን ሠራች። ቴፕ ላይ የተቀመጡ ቁርጥራጭ ፕሮግራሞችን በቁጥራቸው እየጠራ የሚገጣጥም ነበር። ኮምፒውተር ሒሳብ ከመሥራት አልፎ ፕሮግራም ያዘጋጃል ብሎ ያመናት ሰው ግን ጥቂት ነበር።

በ1957 ደግሞ የአይቢኤሙ ጆን ባከስና ባልደረቦቹ ፎርትራንን አወጡ። በዚያ ዘመን ኮድ በእጅ መጻፍ ሙያም ኩራትም ስለነበር ብዙ ፕሮግራመሮች ማሽን ያወጣው ኮድ ቀርፋፋ ይሆናል ብለው ተጠራጥረው ነበር። የባከስ ቡድን ይህን ስለሚያውቅ ኮምፓይለሩ የሚያወጣው ኮድ ከሰው እጅ ሥራ እንዳያንስ ብዙ ደከመ፤ ተሳካለትም። ዛሬ ኮምፓይለር ያወጣውን ከፍቶ የሚያነብ ስንት ሰው አለ? በቃ እናምነዋለን። በደንብ ስለሚሠራ፣ ሲሳሳትም ስህተቱ ደጋግሞ እዚያው ስለሚገኝና ስለሚታረም ነው።

በ2021 የጊትሃብ ኮፓይለት መጣ፤ ከርሰርና ሌሎቹ ተከተሉ። ብዙ ሰው "ይሄም እንደ ፎርትራኑ ነው፣ እንለምደዋለን" ይላል። እኔ አልስማማም። ኮምፓይለር የጻፍከውን ይተረጉማል፤ ይሄኛው የፈለግከውን ይገምታል። በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮፓይለት ያስጻፏቸውን 1,689 ፕሮግራሞች ሲመረምሩ 40 በመቶ ገደማዎቹ የደኅንነት ክፍተት ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ በጣም ተሻሽሏል፣ አልክድም።

ግን እኔም አንዱን ኤዲተር ሞከርኩት። ቀን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ኮድ ጻፍልኝ አልኩት። በሰከንዶች ውስጥ ያማረ ኮድ ከነማብራሪያው! ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን ስሰጠው ግን እንዲህ ያለ ቀን የለም አለ። ኮዱን ሳነበው የፈረንጆቹን ደንብ ወስዶ ዓመቱ ለ4 እኩል ሲካፈል ጳጉሜን 6 ትሆናለች ብሏል። የእኛ እኮ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፣ ዘመነ ሉቃስ። የባሰው ነገር፣ ሌሎቹን የሞከርኳቸውን ቀኖች በትክክል መቀየሩ ነው። ኮድ ማንበብ የማይችል ተማሪ ይሄን እንዴት ብሎ ያገኘዋል?

ስለዚህ ሥራ ላይ ላላችሁት፣ ተጠቀሙበት፤ አሰልቺውን ድግግሞሽ ይገላግላችኋል። ገና ለምትማሩት ግን የመጀመሪያውን ዓመት ራሱ የሚጨርስላችሁን ጥቆማ አጥፉትና በእጃችሁ ጻፉ። ኮዳችሁ እምቢ ሲል የስህተት መልእክቱን እንዲያብራራላችሁ ጠይቁት፤ እዚያ ላይ ከብዙ መምህር የተሻለ ትዕግሥት አለው፣ እኔን ጨምሮ። ቀድሞ የለመዳችሁት ካላችሁ ደግሞ እስቲ ጳጉሜን 6ን ስጡትና ምን እንዳላችሁ ንገሩኝ።