የድህነት ወለል

«ከድህነት ወለል በታች» የሚባለው ማን ነው? በአገራችን ስሌቱ የሚጀምረው ከምግብ ነው። አንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል ተብሎ ይታሰብና፣ ዝቅተኛ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ከሚመገቡት እህል፣ ጥራጥሬ፣ ዘይትና በርበሬ ይህን ኃይል የሚሰጥ የአስቤዛ ዝርዝር ይወጣል፤ ዋጋውም ይተመናል። በላዩ ላይ ለልብስ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለትምህርትና ለመሳሰሉት ይታከላል። በ2008 ዓ.ም. ዋጋ ድምሩ ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 3,772 ብሩ የምግብ ነው። በዚህ መለኪያ ከሕዝቡ 23.5 በመቶው ድሃ ተባለ።

የሚለካው ገቢ ሳይሆን ፍጆታ ነው፤ ትክክልም ነው እላለሁ። ገበሬው ከጎተራው አውጥቶ የሚበላው ጤፍ ደመወዝ ባይሆንም ኑሮው ነውና።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። 7,184 ብር ለቀን ሲካፈል 20 ብር ገደማ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ዋጋ በቀን 21 ብር የሚያወጣ ሰው ከድሆች ቁጥር ውጭ ነው፤ በ10 ብር የሚያድረውና በ19 ብር የሚያድረው ደግሞ እኩል ይቆጠራሉ። ስለዚህ የድህነትን ጥልቀት የሚለካው ቁጥር፣ ማለትም የድሆች ፍጆታ ከወለሉ ምን ያህል እንደሚጎድል የሚያሳየው፣ ከመቶኛው እኩል በየዜናው ሊነገር ይገባል።