በሕግ አምላክ፦ ተራ ሰው ሹምንና ፖሊስን ስለ መያዝ ያለው መብት በታሪክ ሲመረመር

አንድ ተራ ሰው ሕግ አስከባሪውን፥ ይኸውም ፖሊስን፥ በሕግ መሠረት ለመያዝ ይችላልን? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰማ ቀልድ ይመስላል፤ በዛሬው ልማድ ያዥና ተያዥ አስቀድመው የተለዩ ናቸውና። ነገር ግን የመያዝ ሥልጣን ደንብ ልብስ ለለበሰ አንድ ክፍል ተለይቶ የተሰጠው በቅርብ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ረጅም ዘመን በአገራችን መያዝ የማንኛውም ሰው ተግባር ነበረ። ስለዚህ ነገሩን ከሕግ መጽሐፍ አንቀጽ ብቻ ሳይሆን ከልማዱ ታሪክ ጭምር መመርመር ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ለዚህ ምርመራ ያነሣሣኝ በልጅነቴ ያየሁት ነገር ነው። በአንዲት አነስተኛ ከተማ በገበያ ቀን አንድ ፖሊስ የአንዲትን ሽንኩርት ሻጭ ሚዛን ነጥቆ ሊሄድ ሲል፥ ሴትዮዋ የካፖርቱን ጫፍ ጨብጣ «በሕግ አምላክ!» አለችው። እርሱ መሣሪያ የታጠቀ ነበር፤ እርሷ ግን ባዶ እጇን ነበረች፤ ሆኖም ቆመ። ሰው ተሰበሰበ፤ አንድ ሽማግሌ የሁለቱንም ቃል ተራ በተራ ጠየቁ፤ በመጨረሻም ሚዛኑ ለባለቤቱ ተመለሰ። ያን ጊዜ ያስደነቀኝ የሴትዮዋ ድፍረት ነበር። አሁን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የፖሊሱ መቆም ነው። ያቆመው ግዴታ ከወዴት የመጣ ነው?

«በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ከእርሱ የሚቀድሙ ወንድሞች አሉት። በየዘመኑ የነገሠው ንጉሥ ስሙ እየተጠራ «በምኒልክ አምላክ»፥ «ምኒልክ ይሙት» ይባል ነበር፤ በኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም በዚያው ስፍራ ገባ። ስሙ የተጠራበት ሰው መሄዱን ትቶ መቆም፥ እጁንም መሰብሰብ ይገባዋል። ሕዝቡ የዚህን ግዴታ ጽናት ሲገልጽ፥ በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል ይላል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ፤ ጠሪው በራሱ ኀይል አልተመካም፤ ማዕረጉም አልተጠየቀም። በሁለቱ መካከል የሌለውን ሦስተኛ አካል፥ ዳኛውን፥ በቃሉ አምጥቶ በመካከል አቆመ እንጂ። እምቢ ብሎ የሚሄድ ሰው የሚዳፈረው ጠሪውን ሳይሆን የተጠራውን ስም ነበር።

ዳኛውም ሩቅ አልነበረም። ሁለት ተጣይ ሰዎች በመንገድ ላይ ያገኙትን የተከበረ መንገደኛ ለዳኝነት ማስቀመጣቸው የታወቀ ልማድ ነው። ያ ሰው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነገራቸውን ይሰማል፤ ለመጨረስ ካልቻለም ወደሚበልጠው ዳኛ ያሳልፋቸዋል። የውጭ አገር ተጓዦች ሕዝቡ ሙግት ይወድዳል እያሉ በዚህ ልማድ ሲስቁ እናነባለን። በዚህ ጸሓፊ አስተያየት ግን ሳቁ የመጣው ነገሩን ካለመረዳት ነው፤ ዳኛ በየመንገዱ በሚገኝበት አገር ማንም ሰው ማንንም ሰው ለመያዝ መቻሉ አያስፈራም።

ከሁሉም ይልቅ ምርመራ የሚገባው ግን ቁራኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፥ ወይም ባለገንዘብና ባለዕዳ፥ የልብሳቸው ጫፍ እርስ በርሱ ተቋጥሮ፥ ነገሩ ሲከብድ ደግሞ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ተያይዘው፥ ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱ ወይም ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ አብረው ይሄዱ፥ አብረው ይበሉ፥ አብረው ይተኙ ነበር። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የተነሡ ፎቶግራፎች ሁለት ሰዎች በአንድ ሰንሰለት ተያይዘው በከተማ መንገድ ሲሄዱ ያሳያሉ። ያዩአቸው ፈረንጆች አንዱን እስረኛ፥ ሁለተኛውን ጠባቂ አድርገው ቈጥረው ይሆናል። እውነቱ ግን ሁለቱም እስረኞች ነበሩ። የያዘ ሰው እርሻውን ትቶ፥ ቤቱን ዘግቶ፥ ከያዘው ሰው ጋር የመታሰርን ዋጋ ይከፍል ነበር። በከንቱ ለመክሰስ ወይም ቂም ለመወጣት የሚሻ ሰው ይህን ዋጋ አስቀድሞ ማሰብ ግድ ይሆንበታል። ተከሳሹ ዋስ ሲጠራና ዋሱም ሲታመን ቋጠሮው ለሁለቱም ይፈታል። ዛሬ «በዐይነ ቁራኛ መጠበቅ» ስንል ቃሉን ለጠባቂው ብቻ ሰጥተነዋል፤ የጥንቱ ትርጕም ግማሽ ጠፍቷል ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት በሹም ላይ ይሠራ ነበርን? «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ምሳሌ ከክስ የሚያወጣው ንጉሡን ብቻ ነው። እንግዲያስ በቃሉ አካሄድ ከንጉሡ በታች ያለው ሁሉ፥ ጭቃ ሹሙም ምስለኔውም ገዥውም፥ የሚከሰስ ነው። ከእያንዳንዱ ሹም በላይ ሌላ ዳኛ ነበረ፤ የመጨረሻውም የንጉሡ የዙፋን ችሎት ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር በገባ ጊዜ ከቤተ መንግሥቱ መስኮት በታች ፍትሕ የሚሹ ሰዎች ዘወትር ሲጮኹ ሰምቷል፤ በክረምት ጩኸቱ ሲያንስ ንጉሡ ብቸኝነት እንዳይሰማው ሰዎች እንዲጮኹ ይደረግ እንደ ነበርም ጽፏል። ነገሩ ያስቃል፤ ነገር ግን የ«አቤት» ድምፅ የመንግሥት ክብር አንድ ክፍል ሆኖ መቈጠሩን ያስረዳል።

ሆኖም ልማዱን ከሚገባው በላይ ማሞገስ የታሪክ ጸሓፊ ሥራ አይደለም። ባላገር የትልቅ ሹምን ካባ ጨብጦ ከካባው ጋር ነጠላውን ሊቋጥር ይቅርና፥ አጃቢዎቹን አልፎ ለመቅረብም አይደፍርም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ምሳሌ ሹመት ራሱ የመብያ ዘመን ተደርጎ መታየቱን ይመሰክራል። መብቱ ለሁሉ እኩል ቢሆንም መድፈሪያው እኩል አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ፖሊስ መጣ። በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ የአራዳ ዘበኛ የሚባል የከተማ ጠባቂ ነበረ፤ ከጣሊያን ወረራ ፍጻሜ በኋላ በ1942 በወጣው አዋጅ ደግሞ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር የሆነ አንድ የመላ አገር ፖሊስ ቆመ። የ1955ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግልጽ ወይም ከባድ የሕግ መተላለፍ ካልሆነ በቀር ማንም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይያዝ፥ የተያዘም በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ደነገገ። በ1961 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 50 ላይ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ፥ ወንጀሉ ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እሥራት የሚያስቀጣ ሲሆን፥ ፖሊስም ሆነ ማንኛውም የግል ሰው ያለ ትእዛዝ ለመያዝ ይችላል ይላል። ተያዡ ፖሊስ ቢሆንስ? አንቀጹ ማንንም ለይቶ አላወጣም። ስለዚህ በፊደሉ መልሱ «ይችላል» ነው።

የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት እንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ ሰር ቻርልስ ማቲው ስለሆኑ፥ የእንግሊዝ አገር አሳብ በውስጡ መገኘቱ አያስገርምም። ወንጀለኛው በሕዝብ ሲባረር ወይም የድረሱልኝ ጩኸት ሲነሣ ነገሩ እንደ እጅ ከፍንጅ ይቈጠራል የሚለው ክፍል፥ በ1285 በወጣው የዊንቸስተር ድንጋጌ ከታዘዘው፥ ሕዝቡ እየጮኸ ከመንደር ወደ መንደር ወንጀለኛን ከሚያባርርበት ሥርዓት ጋር ዘመድ ነው። በዚያ አገር የለንደን ፖሊስ የቆመው በ1829 ብቻ ነው። በ1929 የፖሊስን ሥልጣን የመረመረ የንጉሣዊ ኮሚሲዮን፥ ፖሊስ ማለት ማንም ሰው ቢወድ በፈቃዱ ሊያደርገው የሚችለውን ሥራ ደመወዝ ተከፍሎት በግዴታ የሚሠራ ሰው ነው የሚል አሳብ አስፍሯል። በባሕር ማዶ ስማር ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያ የገበያ ቀን ነበር።

ነገር ግን በእንግሊዝም መብቱ እየጠበበ ሄዷል። በ1914 የተሰጠ ፍርድ፥ የግል ሰው የያዘበት ወንጀል በእርግጥ ያልተፈጸመ እንደ ሆነ፥ በቅን ልቡና ቢይዝም መያዙ ሕገ ወጥ ነው ብሏል፤ ፖሊስ ግን በቂ ጥርጣሬ ካለው ይጠበቃል። በ2005 የተሻሻለው ሕግ ደግሞ የግል ሰው ለመያዝ የሚችለው፥ በእርሱ ፈንታ ፖሊስ እንዲይዝ ማድረግ የማይመች ሲሆን ነው ይላል። ተያዡ ራሱ ፖሊስ በሚሆንበት ጊዜ ይህ ቃል እንዴት እንደሚነበብ አንባቢ ይመልከተው።

የእኛም ሕግ ችግር የሚገኘው በዚያው አቅጣጫ ነው። የግል ሰው የያዘውን ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት። ፖሊስን የያዘ ሰውም የያዘውን ወደ ባልንጀሮቹ ይመራዋል ማለት ነው። በቁራኛ ዘመን የቋጠሮው መፍቻ ዳኛው ነበር፤ አሁን ግን መንገዱ ወደ ዳኛ የሚደርሰው በተያዡ ቤት በኩል አልፎ ነው። መያዣው ስሕተት ሆኖ ከተገኘም ያዡ ሰውን ያለ አግባብ ነፃነት በማሳጣት ወይም የመንግሥትን ሥራ በመቃወም ሊከሰስ ይችላል። የጥንቱ ያዥ ዋጋውን የሚከፍለው አስቀድሞና ከተያዡ ጋር እኩል ነበር፤ የአሁኑ ግን በኋላና ብቻውን ይከፍላል።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ ያለ ቁራኛና ያለ ዳኛ የሚደረግ የሕዝብ መያዝ ምን እንደሚያመጣ በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር ጊዜ ታይቷል። የቀበሌ ጓዶች ጎረቤቶቻቸውን እየያዙ በቀበሌው ቤት ያስሩ ነበር፤ ያዡ የሚከፍለው ዋጋ አልነበረም፥ የሚደረስበትም ችሎት አልነበረም። መያዙን የሚፈጽሙት ተራ ሰዎች መሆናቸው ለተያዙት ምንም አልጠቀመም።

ሽንኩርት ሻጯ በ1961ዱ ሕግ ብትመዘን፥ የሚዛኑ መነጠቅ ከ3 ወር የማያንስ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑን፥ ፖሊሱም ከሥራው ወሰን ውጭ መውጣቱን በዚያች ቅጽበት ማወቅ ይኖርባት ነበር። ከዚያም ካፖርቱን እንደጨበጠች ወደ ጣቢያው ትወስደዋለች፤ ጣቢያው ከገበያው ጥግ ነበር። እርሷ ግን ወደዚያ አልሄደችም፤ ሽማግሌው መጥተው ከሚዛኑ አጠገብ በድንጋይ ላይ እስኪቀመጡ ድረስ ያንኑ ጫፍ ይዛ ቆየች።