ለሽያጭ ያልታሰበው የቼልሲ ቴፕ

ለንደን፣ ቼልሲ ሰፈር፣ ኦልድ ቸርች ጎዳና ላይ አንድ የድሮ የወተት ቤት ነበር። ግድግዳው ላይ የላም ራስ ቅርጽ ተለጥፎበታል። በ1960ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጂኦፍ ፍሮስትና ጆን ዉድ የተባሉ ሁለት የድምፅ ባለሙያዎች ቤቱን ይዘው ስቱዲዮ አደረጉት፤ «ሳውንድ ቴክኒክስ» አሉት። ፒንክ ፍሎይድ የመጀመሪያ ነጠላ ሸክላውን በ1967 መጀመሪያ የቀዳው እዚሁ ነው።

በዚያው ዓመት ሁለት የስኮትላንድ ወጣቶች፣ ሮቢን ዊሊያምሰንና ማይክ ሄሮን፣ እዚያ ቤት ገብተው ለሙከራ ያህል ዘፈኖቻቸውን ቀዱ። የሙዚቃ ሰዎች «ዴሞ» የሚሉት ዓይነት ቅጂ ነው፤ የትኛው ዘፈን ለአልበም እንደሚሆን ለመምረጥ የሚቀዳ፣ ለገበያ የማይወጣ። እናም አልወጣም። ሕዝብ የሰማው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1997፣ «ዘ ቼልሲ ሴሽንስ 1967» በሚል ርእስ በሲዲ ሲታተም ነው።

የባንዳቸው ስም ኢንክሬዲብል ስትሪንግ ባንድ ነው፤ በአማርኛ «ጉደኛው የክር ባንድ» እንደማለት። ሲጀምሩ ሦስት ነበሩ። ሦስተኛው ክላይቭ ፓልመር የሚባል የባንጆ ተጫዋች ነው። በግላስጎው ሶኪሆል ጎዳና፣ በአሮጌ ሊፍት ተወጥቶ የሚገባበት የሌሊት ክበብ በክላይቭ ስም ከፍተው ሲጫወቱ ቆዩ፤ ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ ዘጋው። አሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ጆ ቦይድ ግን አግኝቷቸው ስለነበር፣ በ1966 ኤሌክትራ ኩባንያ የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጣላቸው።

አልበሙ በወጣ ማግስት ባንዱ ተበተነ። ክላይቭ ወደ አፍጋኒስታን አቀና። ሮቢን ሞሮኮ ገብቶ ሊቀር ቆርጦ ተነሳ። የሒሳብ ሠራተኛነት ሲማር የነበረውና በሮክ ባንዶች ውስጥ ያለፈው ማይክ ብቻ ኤዲንብራ ቀረ። ሮቢንን የመለሰው ናፍቆት ሳይሆን የገንዘብ ማለቅ ነው። ሲመለስ ግን ባዶ እጁን አልነበረም፤ የሞሮኮ መሣሪያ ተሸክሞ ነው የመጣው። ክላይቭ ወደ ባንዱ ስላልተመለሰ ሁለቱ ሁለት ሆነው ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ስማቸውን ያስጠራው ጥምረት የተፈጠረው እንግዲህ በዕቅድ ሳይሆን በቀሪ ሒሳብ ነው ማለት ይቻላል።

ከመጡት መሣሪያዎች አንዱ ግምብሪ ይባላል። በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ክሩ ጅማት ነው፤ ሞሮኮዎች በጣት ይመቱታል። ሮቢን በደጋን ገዘገዘው። ማሲንቆ እየሰማ ያደገ ጆሮ፣ የ1967ቱን አልበም የሚከፍተውን «ቻይኒዝ ዋይት» ሲያዳምጥ ቀና ማለቱ አይቀርም፤ ያ የሚያቃስት፣ ከዘፋኙ ጎን ጎን የሚሄድ የክር ድምፅ ሩቅ አገር ያገኘነው ዘመድ ይመስላል። ሮቢን አዝማሪ ቤት አምሽቷል ማለቴ አይደለም። ደጋንና ቆዳ ሲገናኙ የሚያወጡት ድምፅ አገር አይመርጥም ለማለት ነው።

ሳይክዴሊክ ፎክ የሚሉት ዘርፍ ይኸው ነው፦ የባላገሩ ዜማ፣ የሩቅ አገር መሣሪያ፣ የሕልም ግጥምና የዘመኑ የኤል ኤስ ዲ ስካር ተቀላቅለው። በሐምሌ 1967 የወጣው «ዘ 5000 ስፒሪትስ ኦር ዘ ሌየርስ ኦፍ ዘ አንየን» የዘርፉ አውራ ከሚባሉት አንዱ ሆነ። ዳኒ ቶምሰን ኮንትራባስ ተጫውቶበታል፤ ሽፋኑን «ዘ ፉል» የተባሉ ሠዓሊዎች በቀለም አጥለቅልቀውታል። በመጋቢት 1968 የተከተለው «ዘ ሀንግማንስ ቢዩቲፉል ዶተር» ደግሞ በእንግሊዝ የሽያጭ ሠንጠረዥ 5ኛ ደረጃ ደረሰ። ሲታር፣ ኡድ፣ ዋሽንት፣ ኦርጋን፣ ምን የሌለበት አለ? ድምፅ በድምፅ ላይ ተደራርቦ ሁለት ሰዎች መንደር ሙሉ ሰው ይመስላሉ።

የቼልሲው ቴፕ ታዲያ ከዚህ ሁሉ መደራረብ በፊት የነበረውን ነው የሚያሰማን። በአብዛኛው ጊታርና የሰው ድምፅ ብቻ። «ላቨር ማን»፣ «ቦርን ኢን ዮር ታውን» እና «አሊስ ኢዝ አ ሎንግ ታይም ጎን» የመሳሰሉ፣ የ1967ቱ አልበም ላይ ቦታ ያላገኙ ዘፈኖች አሉበት። «ዘ አይረን ስቶን»ም አለ፤ ይህ ዘፈን በ1968 መጨረሻ «ዊ ታም ኤንድ ዘ ቢግ ሂዩጅ» በተባለው ድርብ አልበም ላይ ሲወጣ ብዙዎች የዚያን ሰሞን ሥራ መስሏቸው ነበር። ለካ ከዓመት በላይ ሲብላላ ቆይቷል።

ለእኔ ግን የቴፑ ዋጋ ያልታወቁ ዘፈኖችን ማስገኘቱ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ከእነዚያ አንዳንዶቹ ቢቀሩም አይጎዱም ነበር፤ ቦይድ ሲመርጥ አልተሳሳተም። ዋጋው ሁለቱን ሰዎች ለየብቻ ማሳየቱ ነው። ማይክ ሰው የሚያንጎራጉረው ቅልብጭ ያለ ዜማ ይወዳል፤ ሮክ ባንድ ውስጥ እንዳለፈ ያስታውቃል። ሮቢን ዜማውን እንደ ለቅሶ አውራጅ ያስረዝመዋል፣ ይሰብረዋል፣ ያልጠበቁት ቦታ ይጥለዋል። አልበሞቹ ላይ ይህ ልዩነት በመሣሪያው ብዛት ተሸፍኗል። ቴፑ ላይ ስፌቱ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ባጭሩ ይነገራል። ነሐሴ 15 ቀን 1969 አሜሪካ ውስጥ በዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ተራቸው ሲደርስ ዝናብ ጣለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ስለነበራቸው አንጫወትም አሉ። ቦታቸውን የወሰደችው ዘፋኟ ሜላኒ በዚያች ምሽት ስሟ ገነነ። እነሱ በማግስቱ ቀን፣ ጮክ ያለ ብሉዝና ሮክ በሚጠብቅ ሕዝብ ፊት ቀርበው ቀዘቀዙ። ስለ ፌስቲቫሉ በተሠራው ፊልም ላይም የሉም። ቦይድ በ2006 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፉ ያቺን ዝናባማ ምሽት በቁጭት ነው የሚያነሳት። ባንዱ በ1974 ፈረሰ።

ሮቢንና ማይክ ዳግም በአንድ መድረክ የታዩት በ1997 ነው፤ ቴፑ በወጣበት ዓመት። ያ ዓመት ለእኛም ባዳ አይደለም፤ የአዲስ አበባን የሸክላ ዘመን ለዓለም ጆሮ ያደረሰው የ«ኢትዮፒክስ» የሲዲ ተከታታይ መታተም የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ሁሉም ቴፕ ግን እንዲህ አይተርፍም፤ እኔ ልጅ ሆኜ የአጎቴን የክራር ካሴት የእግር ኳስ ጨዋታ ከሬዲዮ ቀድቼበታለሁ። የማን ክራር እንደነበር አጎቴም አልነገረኝም፣ እኔም ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም።

አንባቢ ሆይ፣ ጊዜ ካለዎት «ፈርስት ገርል አይ ላቭድ» የተባለውን የሮቢን ዘፈን ሁለቱንም ቅጂ ያድምጡ። መጀመሪያ የአልበሙን፣ ቀጥሎ የቴፑን። እኔ የቴፑን መርጫለሁ።