አምሳለ አበራ፤ ቬሎን ያቀለሉ ዲዛይነር

በጥር ወር ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታና በጊንጪ በኩል አምቦ የሚገባ መንገደኛ በአበባ ያሸበረቁ የሠርግ መኪኖች ማየቱ አይቀርም፡፡ ሙሽራዋ የለበሰችው ብዙውን ጊዜ የኪራይ ቬሎ ነው፤ ከሥር ተነፍቶ የተዘረጋ፣ ዶቃና አብረቅራቂ ጌጥ የበዛበት፡፡ የዚህ ዓይነቱን ቬሎ በኒውዮርክ ገበያ ከለወጡት ዲዛይነሮች አንዷ ኢትዮጵያዊት እንደነበሩ ግን ሁሉም አያውቅም፡፡

ወይዘሮ አምሳለ አበራ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1954 በአዲስ አበባ ነው፡፡ በልጅነታቸው ልብስ መስፋት ይወዱ ነበር፡፡ ሆኖም በዚያን ዘመን ልብስ ሰፊ እንጂ ዲዛይነር መሆን ለተማረ ቤተሰብ ልጅ እንደ ሙያ የሚታሰብ አልነበረም፡፡ በ1973 ኮሜርሺያል አርት ለመማር አሜሪካ ሄዱ፡፡ በዓመቱ አብዮቱ ፈነዳ፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባለሥልጣን የነበሩት አባታቸውም ታሰሩ፡፡ ወደ አገር መመለስ ቀረ፡፡ ቦስተን ውስጥ ራሳቸውን በሥራ እየደጎሙ ፖለቲካል ሳይንስ ተማሩ፡፡ አዲስ ልብስ መግዣ ስላልነበራቸው ጨርቅ እየቀደዱ ለራሳቸው ይሰፉ ጀመር፡፡ ወደ ሙያው የመራቸው ይኸው ችግር ነው፡፡ ኒውዮርክ ከሚገኘው ፋሽን ኢንስቲትዩት ኦፍ ቴክኖሎጂ ተመርቀው በረዳት ዲዛይነርነት ተቀጠሩ፡፡

በ1985 ራሳቸው ሙሽራ ሆኑ፡፡ ያኔ በአሜሪካ ሱቆች የሚገኘው ቬሎ ዳንቴል፣ ዶቃ፣ ሪቫንና የተነፋ እጅጌ የተጫነበት ነበር፡፡ ቀለል ያለ ፈልገው ቢያጡ የራሳቸውን ሠሩ፡፡ እንደ እርሳቸው የተቸገረች ሙሽራ አትጠፋም በሚል ጋዜጣ ላይ ትንሽ ማስታወቂያ አወጡ፡፡ ደንበኛ መጣ፤ ሥራውም በመኖሪያ ቤታቸው ተጀመረ፡፡ በ1996 ውድ ሱቆች በተደረደሩበት የማዲሰን ጎዳና የራሳቸውን ሳሎን ከፈቱ፡፡ በ1999 በወጣው «ራናዌይ ብራይድ» ፊልም ጁሊያ ሮበርትስ የእርሳቸውን ቬሎ ለብሳ ታየች፡፡ የድርጅቱ ስም «አምሳለ» ነው፡፡ አሜሪካ ተኑሮም መጠሪያው የአባት ስም ሳይሆን የራስ ስም መሆኑ ደስ ይላል፡፡

ጌጥ መቀነስ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ አይደለም፡፡ ዶቃና ዳንቴል የስፌት ጉድለት ይሸፍናሉ፡፡ ሜዳ ሐር ላይ ግን የተጣመመች አንዲት ስፌት ከሩቅ ትታያለች፤ ውበቱ ያለው በቅዱና በልኩ ነው፡፡ የወይዘሮ አምሳለ አሠራር በአገራችን ከተሞች እምብዛም ያልተስፋፋበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለናል፡፡ የኪራይ ቬሎ ለቀጭኗም ለወፍራሟም መሆን አለበት፤ ከኋላ በገመድ ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ሰፊው ቀሚስና ጌጡ የቀረውን ይሸፍናል፡፡ በአንዲት ሴት ልክ የተቀደደን ቀሚስ ለሌላዋ ማከራየት ያስቸግራል፤ አሰፍቶ ለአንድ ቀን መልበስ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ አይችለውም፡፡

ወይዘሮ አምሳለ በካንሰር ሕመም ኤፕሪል 1 ቀን 2018 በ64 ዓመታቸው ኒውዮርክ ውስጥ አርፈዋል፡፡ ድርጅቱም ከእርሳቸው በኋላ ስማቸውን እንደያዘ ሥራውን ቀጥሏል፡፡