«እጁ ደርሷል?»፦ ልጅ ለትምህርት መድረሱን ማን ይወስናል?



የዛሬውን ንግግሬን «ደረሰ» በሚለው ግስ እጀምራለሁ። በቋንቋችን አዝመራ ይደርሳል፣ ምሳ ይደርሳል፣ እንግዳ ይደርሳል፤ ልጅም ለትምህርት ይደርሳል። የአዝመራውን መድረስ ገበሬው፣ የምሳውን መድረስ ባለሙያዋ ያውቃሉ። የልጁን መድረስ የሚመሰክረው ግን ማን ነው? ታሪካችን ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልሶች ሰጥቷል።

የመጀመሪያው የቄስ ትምህርት ቤት መልስ ነው። በዚያ የመግቢያ ዕድሜ በቍጥር አልተወሰነም። ወላጅ ልጁ አፉን መፍታቱንና ከእናቱ ተለይቶ መዋል መቻሉን አይቶ ወደ የኔታ ይወስደዋል። ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳን አልፎ፣ ዳዊት እስኪደግም ድረስ እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል። ያንን ዘመን ለማሞገስ አልሻም፤ አርጩሜውም አብሮ ነበርና። ሆኖም ልጆች በዕድሜ ተመድበው እኩል ስለማይራመዱ፣ ቀድሞ መምጣትም ሆነ መዘግየት ብዙ አያጎድልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ እየተስፋፋ የሄደው ዘመናዊ ትምህርት ግን በክፍል የተደራጀ ነው። ክፍል እኩያ ይፈልጋል፤ እኩያን ለመለየት ዕድሜ መታወቅ አለበት። ብዙው ሕዝብ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት አልነበረውም። ይህን ክፍተት የሞላው ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት መለኪያ ነው፤ ቀኝ እጅን በአናት ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮን መንካት።

እኔም በዚህ መለኪያ ተለክቻለሁ። እናቴ «በጥምቀት ሰባት ዓመቱን ደፍኗል» ብላ ብትምልም፣ መዝጋቢው መምህር «እጁ አልደረሰም፤ ለከርሞ ይምጣ» አሉ። በአንድ ዓመት የሚያንሰኝ ወንድሜ ሊያየን ተከትሎን መጥቶ ነበር። እንደ ቀልድ «እስቲ አንተ ሞክር» ሲሉት ጣቶቹ ጆሮውን ነኩ፤ ተመዘገበም። እኔ በመንደራችን የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ጨርሻለሁ፤ እርሱ «ሀ»ን ከ«ለ» አይለይም። ይህን ግን የጠየቀን አልነበረም። እናቴ እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

መለኪያው መሠረት የለሽ አልነበረም። የሕፃን ራስ ቀድሞ ያድጋል፤ ክንዱ ዘግይቶ ይረዝማል። ስለዚህ ስድስትና ሰባት ዓመት አካባቢ ብዙ ልጆች ጆሯቸውን መንካት ይጀምራሉ። ነገር ግን የሚለካው አጥንትን እንጂ አእምሮን አይደለም። በቂ ምግብ አጥቶ የቀጨጨ ልጅ ክንዱም ይዘገያል። ስለዚህ ረኀብ የጎዳውን ልጅ የትምህርት ቤቱ በር ዳግም ይቀጣው ነበር።

ሦስተኛው መልስ ወረቀት ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በ7 ዓመት አስጀመረ። መዋዕለ ሕፃናት የተስፋፋው ግን በአብዛኛው በግል ትምህርት ቤቶች፣ መክፈል ለሚችለው የከተማ ወላጅ ነበር። ከ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት ማዕቀፍ በኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች «ዜሮ ክፍል» በሰፊው ተከፈተ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባም በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። እነሆ ክንድ ለቀን ቦታውን እየለቀቀ ነው።

ቀን ከክንድ ይልቅ ፍትሐዊ ነው፤ የማንንም ድህነት ከአካሉ ላይ አያነብምና። ይሁን እንጂ ቀንም ልጁ ከእናቱ ተለይቶ መዋል፣ መጸዳጃ መጠየቅ፣ በማያውቀው ቋንቋ የሚነገረውን መረዳት መቻሉን አይነግረንም። ይህን የሚያውቁት ከልጁ ጋር የዋሉ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ቀኑ በሩን ይክፈት እንጂ በር አይዝጋ እላለሁ፤ ከገባ በኋላ ምን እንደሚያስፈልገው እናትና መምህር ተቀምጠው ይመካከሩ።

ለመቶ ዓመት ያህል ልጁን «ደርሰሃል ወይ?» ስንል ኖረናል። እዚህ ከተሰበሰባችሁት ብዙዎቻችሁ ነገ በዚያ በር ላይ መዝጋቢ ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ክፍሉ፣ ወንበሩና መምህሩ ለልጁ ደርሰው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።