በወንጌል ኅዳግ የተጻፈ የቤተ ሰብ ታሪክ

በኢትዮጵያ የነገሥታት ዜና መዋዕል በቤተ መንግሥት ጸሓፊ እጅ ሲጻፍ ኖሯል። የባላገሩና የመበለቲቱ ነገር የት ተጻፈ ተብሎ ቢጠየቅ ግን፥ መልሱ የሚገኘው በደብር ዕቃ ቤት ነው። ርስት የሸጠና የገዛ፥ ለልጁ የተናዘዘ፥ ተሟግቶም የረታ ሰው፥ ነገሩን በደብሩ ወንጌል ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ያስጽፍ ነበር፤ ካህናት የሚጠብቁትን፥ ሕዝብ የሚሳለመውን መጽሐፍ ለመፋቅ የሚደፍር እጅ አይገኝም ተብሎ ይታመን ነበርና።

ልማዱ ጥንታዊ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት ወንጌል የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ይዟል። በሽመዛና ያለው የደብረ ሊባኖስ ወርቅ ወንጌልም ከዛጔ ነገሥታት ጀምሮ የተሰጠውን ጉልት ይመሰክራል። እነዚህ ግን ይበልጡን የነገሥታትና የገዳማት ጉዳይ ናቸው። የሕዝቡ ድምፅ በብዛት የሚሰማው በጎንደር፥ ይልቁንም በ18ኛው መቶ ዓመት ነው።

የጎንደሩ ጽሕፈት አስቀድሞ የንጉሡንና የሹማምንቱን ስም ጠርቶ ዘመኑን ያስታውቃል፤ ቀጥሎ ሻጩንና ገዢውን፥ የተቈረጠውንም ዋጋ፥ ዋሱንና እማኞቹን በየስማቸው ይቈጥራል። ነገሩ ብዙ ጊዜ በግዕዝ ይጀምርና ወደ ዋጋው ሲደርስ ወደ አማርኛ ይወርዳል፤ ገበያ በግዕዝ አይዋዋልምና። ስለዚህም የጎንደር ሰው በአፉ ይናገር የነበረውን አማርኛ ለሚፈልግ ከዚህ የቀረበ ምስክር በቀላሉ አይገኝም። ደግሞ በዜና መዋዕል እቴጌ ወይም ወይዘሮ ካልሆነች ስሟ የማይነሣ ሴት፥ በዚህ ሻጭም ገዢም ተሟጋችም ሆና ትገኛለች። ዶናልድ ክረሚ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2000 ስለ መሬትና ስለ ሕዝብ ኑሮ ያሳተመውን መጽሐፍ ያቆመው በእንደዚህ ያለ የኅዳግ ጽሕፈት ላይ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ሰበሰቡ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ 350 ያህሉ ለሎንዶን ቤተ መዘክር ተወሰዱ። እንግዲህ ብዙ የጎንደር ቤተ ሰብ የአያቱን ውል ለማንበብ ባሕር መሻገር ሊያስፈልገው ነው። በአገር የቀረውን ለማትረፍ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 በማይክሮፊልም ማንሣት ተጀመረ፤ ጌታቸው ኃይሌም በሚኒሶታ ተቀምጠው መጻሕፍቱን ሲዘረዝሩ ኅዳጉን አልናቁትም። ይህ ሊመሰገን ይገባል፤ ድርሰቱን ብቻ መዝግቦ ባዶ ቅጠሉን የሚያልፍ መዝጋቢ ብዙ ነውና። ጥራዝ አዳሹም ጠርዙን ሲያስተካክል የእማኞቹን ስም አብሮ ይቈርጣል።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የርስት ወረቀት በዳኛ ፊት የነበረው ጉልበት ቀረ። ለሙግት የማይረባ ሲሆን በየቤቱ ሣጥን የሚጠብቀውም ያንሳል፤ ኑዛዜውና ደብዳቤው ከዚያው ጋራ ለአይጥና ለእሳት ይተዋል። አጥቢያው ግን ወንጌሉን እንደጠበቀ ይህንንም ተቀብሎ፥ የሰጪውን ስምና ዘመኑን ጽፎ፥ በደረቅ ሣጥን ቢያኖር ብዙ ወጪ የለውም።

ጽሕፈት በሌለበትም የሽማግሌ ቃል አለ። አለቃ ለማ ኃይሉ የነገሩትን ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ጽፎ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ አሳተመው፤ የቅኔ ተማሪው ኑሮና መንከራተት፥ የመምህራኑም ጠባይ ከዚያ ይነበባል።